ጦሩና ዶቃው፦ ጎድፍሬ ሊንሃርት የኒሎታዊ ትረካ አንባቢ

ከጋምቤላ ወንዞች አንሥቶ እስከ ሰሜን ዩጋንዳ በሚኖሩ የሉዎ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝቦች ዘንድ በልዩ ልዩ መልክ የሚነገር አንድ አጭር ታሪክ አለ። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አንደኛው የሌላውን ጦር አንሥቶ ዝሆን ወጋበት፤ ዝሆኑም ጦሩን እንደተሰካበት ይዞት ሄደ። ባለ ጦሩ በምትኩ ሌላ ጦር ቢሰጠው እንቢ አለ፤ የራሱን ጦር እንጂ ሌላ እንደማይቀበል ቁርጡን ተናገረ። ወንድሙ እስከ ዝሆኖች አገር ተጉዞ፣ ብዙ ተንከራትቶ፣ ያንኑ ጦር ይዞ ተመለሰ። ከጊዜ በኋላ የባለ ጦሩ ሕፃን ልጅ የዚያኛውን ወንድም ዶቃ ዋጠ። አሁን በተራው ባለ ዶቃው ምትክ አልቀበልም አለ። የሕፃኑ ሆድ ተቀደደ፤ ዶቃው ወጣ፤ ወንድማማቾቹም ተለያዩ። ዘሮቻቸው ተራርቀው የተለያየ ሕዝብ የሆኑት ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ታሪኩ አቦል ቡና ሳይጠጣ ተነግሮ ያልቃል። ስለ እርሱ የትንተና ድርሰት መጻፍ ግን ቀላል ሆኖ አያውቅም። የታሪክ ተመራማሪው የሉዎ ሕዝቦችን የፍልሰት መንገድ ይፈልግበታል። የሥነ ምግባር አስተማሪው ግትርነት ጎጂ መሆኑን ያሳይበታል። የድኅረ ምረቃ ተማሪው ደግሞ ተረት ነው፣ አፈ ታሪክ ነው ወይስ ሐተታ ተፈጥሮ በሚለው ምደባ ላይ ብዙ ገጽ ከፈጀ በኋላ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼትና ጭብጥ እያለ በየሳጥኑ ያስቀምጠዋል። ሁሉም ከታሪኩ አንድ ነገር ማግኘታቸው አይካድም። ባለ ዶቃው ሌላ ዶቃ ለመቀበል እንቢ ማለቱ ምን ማለት እንደሆነ ግን ከነዚህ መንገዶች በአንዱም አይገኝም።

ጎድፍሬ ሊንሃርት በዚህ ጉዳይ ዙሪያ አንድ ድርሰት በ1975 አሳትመዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የምሁሩን ሕይወት በዚያ ድርሰት አንጻር ይመለከታል፤ በሥነ ጽሑፍ ሂስ የሠለጠነ ሰው የአኙዋንና የጎረቤቶቻቸውን ትረካ እንዴት እንዳነበበ፣ ንባቡም የት ላይ እንደቆመ ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሥነ ጽሑፍ ወደ አንትሮፖሎጂ

ሊንሃርት በጥር 1921 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሽር አውራጃ፣ ባትሊ በምትባል የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከስዊዘርላንድ የመጡ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ፒተርም በኋላ አንትሮፖሎጂስት ሆነው በስዋሂሊ ሥነ ቃል ላይ ሠርተዋል። ጎድፍሬ በ1939 በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ዳውኒንግ ኮሌጅ ሲገቡ የመረጡት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን ነበር። መምህራቸው ኤፍ. አር. ሊቪስ ነበሩ።

ለዚህ ጽሑፍ ከልደትና ከወላጆች ይልቅ የሊቪስ ትምህርት የሚበልጥ ክብደት አለው። ሊቪስ በ1932 የተመሠረተውንና እስከ 1953 የዘለቀውን «ስክሩቲኒ» የተባለ የሂስ መጽሔት የመሩ፣ በወዳጅም በጠላትም የሚታወቁ ኃያሲ ነበሩ። የሚያስተምሩት ንባብ ከቃሉ የሚነሣ ነው። ተማሪው ስለ ደራሲው የሕይወት ታሪክ ወይም ስለ ዘመኑ ርእዮት የሚያውቀውን ከማምጣቱ በፊት በገጹ ላይ ያለው ቃል ለምን በዚያ ስፍራ እንደዋለ፣ ለምን እንደተደገመ፣ ሲደገም ምን እንደተለወጠ ማየት ይጠበቅበታል። ንድፈ ሐሳብን በጽሑፉ ላይ እንደ ካባ መደረብ በሊቪስ ክፍል ያስወቅስ ነበር። በሌላ በኩል ንባቡ የግል ስሜት መግለጫም አልነበረም፤ ኃያሲው ያየውን ለሌላ አንባቢ አሳይቶ ስምምነቱን ወይም ተቃውሞውን ይጠይቃል። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ትንተና የሚጻፈው ለተከራካሪ ነው፤ ተከራካሪ የሌለው ትንተና ማጠቃለያ እንጂ ሂስ አይሆንም።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትምህርቱን አቋረጠው። ሊንሃርት በውትድርና አገልግለው ሲመለሱ ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ለአጭር ጊዜ በኬምብሪጅ ያስተምሩ ነበር። ወጣቱ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ወደ አንትሮፖሎጂ ተሻገሩ፤ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1946 የኦክስፎርድን የፕሮፌሰርነት ወንበር ሲይዙም ተከትለዋቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ የኦክስፎርድ ሰው ሆነው ኖሩ።

ሽግግሩ የሚመስለውን ያህል ርቀት አልነበረውም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1950 ባቀረቡት የማሬት ትምህርተ ንግግር አንትሮፖሎጂ የተፈጥሮ ሳይንስ ሕግ የሚፈልግ ሳይሆን ከታሪክና ከሥነ ጥበብ ጎራ የሚመደብ፣ ትርጉምን የሚከተል ዕውቀት ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ለሊቪስ ተማሪ ይህ አዲስ አገር አልነበረም።

የአኙዋ ምድር

ጋምቤላና አካባቢዋ ወደ ኦክስፎርድ መዛግብት የገቡት በኢቫንስ ፕሪቻርድ በኩል ነው። እርሳቸው በ1935 በአኙዋ መንደሮች ጥቂት ወራት ቆይተዋል፤ የአኙዋን የፖለቲካ ሥርዓት የሚተነትነው መጽሐፋቸው በ1940 ወጥቷል። በዚያው ዓመትና በ1941 ደግሞ የአኙዋ ተዋጊዎችን እየመሩ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ኢትዮጵያን ይዞ ከነበረው የጣሊያን ጦር ጋር ተዋግተዋል። ጊሎ ዛሬም የጋምቤላ ክልል ወንዝ ነው።

ሊንሃርት መጀመሪያ የሄዱት ወደ ዲንካ ነበር፤ ከ1947 እስከ 1950። ወደ አኙዋ የመጡት ከ1952 እስከ 1954 ባለው ጊዜ ሲሆን ሥራቸውን በዋናነት ያካሄዱት በሱዳን በኩል ነው። የ1902ቱ የድንበር ስምምነት የአኙዋን ሕዝብ ለሁለት ከፍሎታል። በዚያው ስምምነት መሠረት በባሮ ዳርቻ የተከፈተው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያም ሊንሃርት በአካባቢው በነበሩባቸው ዓመታት ገና በሱዳን አስተዳደር ሥር ነበር፤ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ1956 ነው። ስለዚህ ሱዳን ወይም ኢትዮጵያ የሚለው መለያ ለአኙዋ ትረካ ብዙም አይሠራለትም። ንግሥናው፣ ዶቃውና ተረቱ ድንበሩን ሳያውቁ በሁለቱም ወገን ይኖራሉ።

ከዚህ ቆይታ የተገኘው ዋነኛው ጽሑፍ ስለ አኙዋ የመንደር አለቆች በ1957 እና በ1958 «አፍሪካ» በተባለው መጽሔት በሁለት ክፍል የታተመው ነው። የመንደሩ አለቃ፣ በአኙዋ አጠራር ኳሮ፣ በፊቱ ጎንበስ ብለው የሚያልፉለት፣ እርሻውን የሚያርሱለት ሰው ነው። እርሱ በበኩሉ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ይሰጣል። እጁ ሲያጥር ወይም ሲሰስት ግን የሚያጎነብሱለት ሰዎች ተነሥተው ያባርሩታል፤ ሌላ ይሾማሉ። ይህ የመንደር አመፅ አጌም ይባላል። ሊንሃርት ነገሩን በሕግና በመዋቅር ብቻ አላስረዱም፤ ክብር እየተሰጠ እንዴት እንደሚሸረሸር፣ አክብሮቱና ቅሬታው በአንድ ግቢ ውስጥ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚኖሩ ተከተሉ። ጽሑፉ የማኅበራዊ ጥናት ቢሆንም የሚነበበው ገጸ ባሕርያቱ የታወቁለት ተውኔት ያህል ነው።

ሌላው የአኙዋ ኑሮ ዝርዝር ለተረቱ ንባብ ወሳኝ ነው። አኙዋ ለጥሎሽ የሚሰጡት ድሙይ የሚባል የቆየ ሰማያዊ የመስታወት ዶቃ ነው። ዶቃው በአገሩ አይሠራም፤ አዲስም አይመጣም፤ ያለው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ይዞራል። አንድ ዶቃ ጠፋ ማለት ከጠቅላላው ክምችት አንድ ጎደለ ማለት ነው። ወንድም ለማግባት የእኅቱን ዶቃ ይጠብቃል። የነገሥታቱ ወገንም ኡቹዎክ የተባለ የራሱ የዶቃ ሐብል አለው፤ ይህን ሐብል ያላጠለቀ በመኳንንቱ ዘንድ ማዕረጉ አይጸናም። ዶቃ ማለት ጌጥ ብቻ ነው ብሎ የሚነሣ አንባቢ የሕፃኑን ሆድ መቅደድ እንደ ጭካኔ ብቻ ያየዋል። ድሙይን የሚያውቅ ሰውም ጭካኔውን አይክድም፤ ነገር ግን ባለ ዶቃው ምትክ አልቀበልም ሲል በእርግጥ ምትክ የሌለው ነገር እየጠየቀ መሆኑን ይረዳል። ጦሩ ግን በየአንጥረኛው ይሠራል። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ሚዛን በዚህ ይለያያል፤ ልዩነቱንም ተራኪው አይናገረውም፣ አድማጩ ያውቀዋልና።

ልዩነቶቹን ጎን ለጎን ማንበብ

የሊንሃርት ስም ከሁሉ በላይ የሚነሣው በ1961 በታተመው የዲንካ ሃይማኖት መጽሐፋቸው ነው። መጽሐፉ ስለ ሃይማኖት ቢሆንም በመካከሉ አንድ ሰፊ የትረካ ትንተና ይዟል፤ የጦር ጌቶች የሚባሉት የዲንካ የመንፈስ መሪዎች አመጣጥ ታሪክ። አይዌል ሎንጋር የተባለው የመጀመሪያው ጦር ጌታ፣ ወንድ ልጅ አጥታ በወንዝ ዳር ስታለቅስ ከነበረች ሴት የተወለደ ነው፤ አባቱ የወንዝ ኃይል ነው። በኋላ ሕዝቡ ወንዝ ሲሻገር ሎንጋር በጦር እየወጋ ይጥላቸዋል፤ በመጨረሻ አንድ ሰው በዘዴ ይይዘዋል፤ ሎንጋርም ጦርና በረከት ይሰጠዋል።

ሊንሃርት ይህን ታሪክ ከተለያዩ ተራኪዎች ሰብስበው ልዩነቶቹን አከታትለው አቀረቡ። በዘመኑ ልማድ አጥኚው ከብዙ ቅጂ አንድ ትክክለኛ ወይም የተሟላ ታሪክ ሠርቶ ያቀርብ ነበር፤ ልዩነቱ እንደ መርሳት ወይም እንደ ስሕተት ይቆጠራል። እርሳቸው ያንን አላደረጉም። የቱ ነገር በሁሉም ዘንድ እንደሚደገም፣ የቱ እንደሚቀያየር፣ የሚቀያየረውስ በማን አንደበት እንደሆነ አዩ። ገዳይና ሕይወት ሰጪ አንድ ሰው መሆኑ በየቅጂው ይመለሳል። ትንተናቸው ከዚህ ተነሥቶ ዲንካዎች ስለ ሕይወትና ሞት ያላቸውን ልምድ ወደ መግለጽ ይሄዳል። አንድ የጽሑፍ አጭር ልብ ወለድ የሚተነትን ተማሪ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። በቃል የሚነገር አጭር ታሪክ ግን በእያንዳንዱ ነገራ አዲስ እትም ያገኛል፤ እትሞቹን አለማነጻጸር ከመጽሐፍ ግማሹን ገጽ ቀድዶ እንደ መጣል ነው።

ያው መጽሐፍ አንድ የታወቀ ትንሽ ምሳሌ አለው። ወደ ቤቱ የሚቸኩል ዲንካ እራት ሳይቀርብ ለመድረስ በመንገድ ዳር ያለውን ሣር ይቋጥራል። ሊንሃርት ይህን ድርጊት ሣሩ ምግቡን ያዘገያል የሚል የዋህ እምነት አድርገው አላነበቡትም። ሰውየው መቸኮሉን አይተውም፤ ቋጠሮው የሐሳቡ ውጫዊ መልክ፣ የጥረቱ መጀመሪያ ነው። ድርጊትን እንደ ተነገረ ቃል የማንበብ ልማዳቸው በዚህ ቦታ ጎልቶ ይታያል።

ወንዝ የወለደው ሰው በአኙዋም አለ። ኦቹዶ ከወንዝ የወጣ ነው፤ በያዙት ዓሣ የተጣሉ ሰዎችን አስታርቋል። የመንደሩ አለቃ ቹዋይ ነገሩን ሰምቶ አስይዞ አመጣው፤ የቹዋይ ልጅ ከእርሱ ፀነሰች፤ ኦቹዶም ተመልሶ ወደ ወንዙ ገባ። የአኙዋ መኳንንት ዘራቸውን ከዚህ ልጅ ይቆጥራሉ። ሊንሃርት ስለ ኒሎታዊ ነገሥታትና ስለ እናቶቻቸው ዘመዶች በ1955 ባሳተሙት ጽሑፍ የተከተሉት መስመር ከዚህ ዓይነቱ ትረካ ጋር ይገናኛል። ንጉሡ በአባቱ በኩል ባዕድ ነው፣ በእናቱ በኩል የአገር ልጅ። ኦቹዶ ፍርድን አምጥቶ ሄደ፤ የቀረው የልጅ ልጅ የሚያድገው በእናቱ ወገን መካከል ነው። አጌም የተባለው አመፅና የመኳንንቱ የዶቃ ፉክክር ይህን ትረካ ከጎን አድርጎ ሲነበብ የሥልጣን ጥያቄ ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ የሚነሣበት ምክንያት ይታያል።

ብድር መመለስ

በ1964 ኢቫንስ ፕሪቻርድ፣ ሊንሃርትና የስዋሂሊ ሊቁ ዊልፍሬድ ዋይትሊ በኦክስፎርድ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ተከታታይ መጻሕፍት ማሳተም ጀመሩ። ተከታታዩ ለኢትዮጵያ አንባቢም ባዕድ አይደለም፤ የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1965 የወጣው በዚሁ ውስጥ ነው። የሱማሌ ግጥም ስብስብ፣ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ዛንዴው ብልጥ ቱሬ የሰበሰቧቸው ተረቶች፣ የሩት ፊኔጋን የሊምባ ተረቶችና የ1970ው የአፍሪካ ሥነ ቃል መጽሐፍ፣ የፍራንሲስ ዴንግ የዲንካ ዘፈኖች በዚሁ ተራ ወጥተዋል። የእነዚህ መጻሕፍት ዋና ዋጋ ዋናውን ጽሑፍ እንደ ሥነ ጽሑፍ ማቅረባቸው ነው። በቃል የሚነገረውን የሕግ ወይም የእምነት ማስረጃ ብቻ አድርጎ ማየት በአንትሮፖሎጂ ረጅም ዕድሜ ነበረውና እርምጃው ቀላል አልነበረም። አንድ የአኙዋ መጽሐፍ ግን በተከታታዩ ውስጥ የለም።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1973 አረፉ። የኦክስፎርድ ባልደረቦቻቸው በ1975 ለመታሰቢያቸው ባወጡት መድበል ውስጥ ሊንሃርት በኒሎታዊ ትረካ ጭብጦች ላይ የጻፉት ድርሰት አለ። የድርሰቱ የእንግሊዝኛ ርእስ ሁለት ፍቺ ያለው አነጋገር ነው፤ የራስን ንብረት ማስመለስም ነው፣ መበቀልም ነው። አማርኛ ለዚህ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የተመቸ ቃል አለው። ብድር መመለስ ስንል የተበደርነውን መክፈል ነው፤ ያው ቃል በቀልም ነው። ቋንቋዎቹ ይህን ያህል ተራርቀው ሁለቱን ሐሳብ በአንድ ቃል ማሰራቸው ተረቱ የሚነካው ነገር የኒሎታውያን ብቻ አለመሆኑን ያመለክታል።

ይህን ርእስ እንደ ቁልፍ ይዞ ወደ ታሪኩ የሚመለስ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያየው ድግግሞሹን ነው። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ይነገራል፦ ያንኑ የራሴን። በመጀመሪያው ጊዜ ዋጋው ጉዞ ነው፤ ተበዳሪው ከሞት አገር ደርሶ ይመለሳል፣ ጦሩም ይገኛል። በሁለተኛው ጊዜ ዋጋው ልጅ ነው፤ ዶቃው ይገኛል፣ ልጁ ግን አይመለስም። ሕግ እንደ ሕግ ከታየ ሁለቱ ፍርዶች እኩል ናቸው። ታሪኩ ደግሞ እኩልነታቸውን አጥብቆ ይጠብቃል፤ ከአንደኛው ወገን ሳያደላ ሁለቱንም በአንድ ቃል ያናግራል። አድማጩ የሚደነግጠው ፍርዱ ትክክል በመሆኑ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የሦስተኛው ሰው ሁኔታ ነው። ሕፃኑ አላበደረም፣ አልተበደረም። በወንድማማቾቹ መካከል ስለ መውሰድና ስለ መመለስ በሚደረገው ክርክር ምንም ድርሻ የለውም፤ ነገር ግን ዕዳው በሆዱ ውስጥ ተቀመጠ። ዝምድና በሚሰጥና በሚቀበል እጅ እንደሚኖር የሚያውቅ ማኅበረሰብ ውስጥ፣ የሰጠውን ያንኑ ማለት ዝምድናን ወደ ባለቤትነት መለወጥ ነው። በወንድማማች መካከል ለተወሰደ ጦር ሌላ ጦር ይበቃል፤ ምትክን መቀበል ማለት ወንድሜ ነህ ማለት ነውና። ባለ ጦሩ ይህን ቃል ሲነፍግ መለያየቱ ያኔውኑ ተጀምሯል፤ ዶቃው የመጣው ለማረጋገጥ ብቻ ነው። በኋላ የተለያዩት ሕዝቦች የፍልሰት መንገድ በዚህ ንባብ ሁለተኛ ደረጃ ይይዛል። ታሪኩ የሚናገረው ወንድማማቾች ከየት ወዴት እንደሄዱ ሳይሆን እንዴት ወንድማማች መሆናቸው እንደቀረ ነው።

ለጋምቤላ ይህ ልዩነት የትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመለያየት ትረካዎችን ማን ቀድሞ መጣ፣ ምድሩስ የማን ነው ለሚል ክርክር ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ የተለመደ ነው። በዚህ መንገድ የሚነበብ ተረት ራሱ የሚያስጠነቅቀውን ነገር እንዲፈጽም ይገደዳል፤ ያንኑ የራሴን የሚለው ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል። በጥልቀት ያነበበ ሰው ከታሪኩ የመሬት ካርታ ለማውጣት እጁ ይከብደዋል።

ያልተመለሰው

ሊንሃርት ከነቀፌታ ነጻ አልነበሩም። በ1954 በወጣ መድበል ውስጥ ስለ አስተሳሰብ ዓይነቶች በጻፉት ጽሑፍ የሌላን ሕዝብ አስተሳሰብ መግለጽ በዋናው የትርጉም ሥራ ነው ብለው ነበር። ታላል አሳድ በ1986 ይህን ሐሳብ አንሥተው ቋንቋዎች እኩል ጉልበት እንደሌላቸው አመለከቱ፤ ከዲንካ ወይም ከአኙዋ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው በጠንካራው ቋንቋ ወገን ቆሞ ይተረጉማል፤ የትርጉሙን ልክ የሚፈርደውም ያው ወገን ነው። ከዚያ ቀደም በኦክስፎርድ የተማሩት የአቾሊው ገጣሚ ኦኮት ፕቢቴክ፣ በአፍሪካ ሃይማኖቶች ላይ በተጻፈው የምዕራባውያን ምርምር ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በትምህርት ክፍሉ ስለ አፍሪካውያን ይሰማ የነበረውን የንቀት ቃል አማርረው ተችተዋል። ኦኮት የዚሁ የሉዎ ትረካ ባለቤት ልጅ ነበሩ፤ ተረቱን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አልነበረም።

እነዚህ ትችቶች የሊንሃርትን ንባብ አያፈርሱትም፤ የተከራካሪውን ወንበር ግን ማን እንደያዘው ያሳያሉ። ሊቪስ ያስተማሩት ሂስ ያየሁትን ታያለህን ብሎ የሚጠይቅ ነበር። ስለ አኙዋ ትረካ ሊንሃርት ይህን ሲጠይቁ በፊታቸው የተቀመጡት የኦክስፎርድ ባልደረቦች ነበሩ። ትክክል አላየህም፣ ይህን ቃል በእኛ አገር እንዲህ ነው የምንለው ብሎ የሚመልስ የአኙዋ ኃያሲ በዚያ ክፍል አልነበረም። የአኙዋን ሞትና ፍልስፍና የተመለከተው የ1962 ጽሑፋቸው ጥልቀቱ የታወቀ ነው፤ እርሱም በእንግሊዝኛ፣ በአሜሪካ መጽሔት ታተመ።

ስለ ዲንካ የጻፉትን የመሰለ መጽሐፍ ስለ አኙዋ አልጻፉም። ለዚህ ምክንያት መገመት ቀላል ነው፤ ጊዜያቸውን ለተማሪዎች ይሰጡ ነበር፣ ሲጽፉም በዝግታ ይጽፉ ነበር። ከትልቁ መጽሐፍ በኋላ ያሳተሙት አንድ አነስተኛ የአንትሮፖሎጂ መግቢያ፣ በ1964፣ እና አጫጭር ድርሰቶች ናቸው። አንድ ጥልቅ ንባብ አሥር ገጽ የሚበቃው ከሆነ ሁለት መቶ ገጽ ማድረግ ለሊቪስ ተማሪ አይመቸውም የሚል መከላከያ ማቅረብ ይቻላል። ቢሆንም ክፍተቱ ክፍተት ነው። የዲንካ ተማሪ መጽሐፍ ከፍቶ ከሊንሃርት ጋር ይከራከራል፤ የአኙዋ ተማሪ መጀመሪያ ድርሰቶቹን ከየመጽሔቱ መልቀም አለበት።

ሊንሃርት በ1988 ከማስተማር ሥራቸው ጡረታ ወጡ፤ ኅዳር 9 ቀን 1993 በኦክስፎርድ አረፉ። በአኙዋና በዲንካ መንደሮች ያነሷቸው ፎቶግራፎች በከተማዋ በሚገኘው በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል። የአኙዋ ጽሑፎቻቸው በ1955፣ በ1957፣ በ1958፣ በ1962 እና በ1975 የወጡ ናቸው፤ ከባሮ ዳር ተነሥቶ ለሚሠራ አጥኚ የመጀመሪያው ሥራ እነርሱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማሰባሰብ፣ ቀጥሎም የጦሩንና የዶቃውን ታሪክ ዛሬ በአኙዋ ቋንቋ የሚተርቱትን ሰዎች ደግሞ ደጋግሞ መስማት ነው።